ውሃ የደበቀውን ዘይት ሲያወጣ

ሰው ከሰው የሚገናኘው በቀጠሮ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዙ እውነት ተዳፍኖ በቀረ ነበር። ጋሽ ቀማሽና የእህታቸው ልጅ ያን ዕለት ጠዋት በምግብ ምርመራ ላብራቶሪው ደረጃ ላይ የተፋጠጡት ማንም ሳይቀጥራቸው ነው። እሳቸው ለሠራተኞቻቸው «ባንክ ደርሼ መጣሁ» ብለው ነው የወጡት። እሷ ደግሞ «ጥርሴን አሞኛል» ብላ ፈቃድ ወስዳለች። እንግዲህ ባንክ የሄደም የለም፣ ጥርሱን የታመመም የለም፤ ሁለቱም በብብታቸው ስር አንድ ዓይነት ነገር፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የማሸጊያ ላስቲክ ሸጉጠው፣ እሳቸው ሲወጡ እሷ የምትፈልገውን ሰው አጥታ ስትወርድ ተያዩ።

«ጥርስ መንቀል እዚህም ተጀመረ?» አሉ ጋሽ ቀማሽ።

«ባንኩም ወደዚህ የተዛወረ መሰለኝ፣ ጋሼ» አለች፣ ጎንበስ ብላ ሰላም እያለቻቸው።

በሌላ ጊዜ ቢሆን ተያይዘው ይስቁ ነበር። ግን ከተኳረፉ ሰንብተዋልና ማንም አልሳቀም።

ጋሽ ቀማሽ የዳቦ፣ የዱቄትና የብስኩት ማሸጊያ ላስቲክ የሚያመርት መለስተኛ ፋብሪካ ባለቤት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ሠራተኞቻቸው ናቸው፤ ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ ዞር ሲሉ «ጋሽ ቀማሽ»። በዚያ ግቢ አንድ ያልተጻፈ ሕግ አለ። አዲስ ዓይነት ላስቲክ ሲሠራ ምግብ ይታሸግበትና መበላሸት ከሚገባው ጊዜ በላይ ይቀመጣል። ከዚያ ሠራተኛው ሁሉ ማሽኑን አጥፍቶ ይሰበሰባል፤ ባለቤቱ ቆመው ማሸጊያውን ይቀድዱና በሰው ሁሉ ፊት ምግቡን ይበላሉ። ላስቲኩንም ቆራርጠው ለብ ባለ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩና በማግስቱ ውሃውን ይጠጡታል። አለቃ ያልቀመሰው ከበር አይወጣም። በዚህ ልማድ የሚስቅ ይኖር ይሆናል፤ መሳቅ ግን አይገባም። የሸጠውን ራሱ የሚበላ ነጋዴ ስንት ነው?

የእህታቸው ልጅ የዚሁ ፋብሪካ የጥራት ክፍል ኃላፊ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ትንሽ ልጅ ነበረች። ያሳደጓትም፣ ያስተማሯትም፣ ኬሚስትሪ ተምራ ስትመለስ የጥራት ማህተሙን ያስጨበጧትም እሳቸው ናቸው። በልጅነቷ «ለምን?» የምትል ጥያቄ ከአፏ ስለማትጠፋ ስሟ «ለምን» ሆኖ ቀረ። ሠራተኞቹ ግማሹን ለክብር፣ ግማሹን ለቀልድ «እትዬ ለምን» ይሏታል።

የጥላቸው መነሻ አዲሱ ላስቲክ ነው። አንድ አስመጪ ጀርምና ሻጋታ የሚገድል ዱቄት ሸጠላቸው። ዱቄቱ ከላስቲኩ ጋር አብሮ ይቀልጥና ይዘረጋል። በተራ ላስቲክ የታሸገው ዳቦ አረንጓዴ ለብሶ ሲጣል፣ በዚህ የታሸገው ትናንት ከምድጃ የወጣ መሰለ። ጋሽ ቀማሽ በሉት፤ ተጨበጨበላቸው። ወሬው የለውዝ ቅቤ አምራች የሆነ አንድ ነጋዴ ጆሮ ደረሰና የተመረተውን ጥቅል በሙሉ አዘዘ። ይህ የለውዝ ቅቤ ለቁርስ ዳቦ ላይ የሚቀባው አይደለም፤ በየጤና ጣቢያው ከስተው አጥንታቸው ለወጣ ሕፃናት የሚታደለው ነው። ጭነት መኪናው ነገ ይመጣል። እትዬ ለምን ግን ማህተሟን መሳቢያ ውስጥ ቆልፋ «ይህ ላስቲክ ገና አልተመረመረም፤ አላትምም» ብላ ድርቅ አለች።

ስለዚህ አጎት የመጡት እሷን የሚረቱበት የላብራቶሪ ወረቀት ሊያወጡ ነው። የላብራቶሪው ኃላፊ አብሮ አደጋቸው ናቸው። እሷ የመጣችው ደግሞ ከእሳቸው ተደብቃ ሌላ ምርመራ ልታስጀምር ነው።

ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ስለተባለ ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ በመካከላቸው ሌላ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ትተው። ኮሪደሩ የበረኪና ሽታ ይሸታል። ከመስታወቱ ወዲያ ነጭ ጋውን የለበሱ ወጣቶች ብልቃጥ እያነሱ በብርሃን ያያሉ። ጋሽ ቀማሽ ደግሞ ዝምታ አይችሉበትም።

«እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ዳቦው ሻገተ?»

«አልሻገተም።»

«እኔ በላሁት?»

«በሉት።»

«ሞትኩ?»

«ክፉ አይንካዎት፤ አልሞቱም።»

«ታዲያ ምን ቀረሽ? ሬሳ ካላየሽ አታምኚም?»

«ጋሼ፣ ዳቦው አለመሻገቱ የነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዱቄቱ ሻጋታን ይገድላል። ገዳይነቱን አወቅን እንጂ ማንን እንደማይነካ አልጠየቅነውም። ሌባ የያዘ ውሻ የቤቱን ልጅ አይነክስም ያለው ማነው?»

«እኔ የምበላው ታዲያ ለምን ይመስልሻል? ርቦኝ ነው? ከነከሰም መጀመሪያ እኔን ይንከሰኝ ብዬ ነው።»

ይህን ሲሉ ድምፃቸው ሻከረ። እውነታቸውን ነበር። እሷም ታውቀዋለች።

«የእርስዎን ያህል ለሸጠው ነገር የሚጨነቅ ሰው በዚህ ሥራ ውስጥ አላየሁም» አለች። «ግን ሆድዎ አንድ ሆድ ነው። ትልቅ ሰው ነዎት፤ አንድ ጊዜ በሉ፤ በማግስቱ የቤት ምግብ በሉ። ያ ሕፃን ግን ሌላ ምግብ የለውም። ጠዋትም እሱን፣ ማታም እሱን ነው የሚልሰው። አካሉ ከእርስዎ ክንድ አይበልጥ፣ ጉበቱ ደክሟል። እርስዎን ያላሳለዎት ነገር እሱን ሊጥለው ይችላል። ደግሞ የጉዳት ሁሉ ጠባይ አንድ አይደለም። አንዳንዱ የዛኑ ዕለት ያስመልሳል፤ አንዳንዱ ዝም ብሎ ይጠራቀምና ከዓመታት በኋላ ይመጣል። ያን ጊዜ ማን ላስቲኩን ያስታውሳል?»

«እሱስ ይሁን። ላስቲኩን ዘፍዝፌ ውሃውን ጠጥቻለሁ። ዱቄቱ የሚወጣ ቢሆን ውሃው ውስጥ ይወጣ አልነበረም? ይመር፣ ይሸት፣ ይደፈርስ አልነበረም?»

«የምናሽገው ውሃ ነው እንዴ፣ ጋሼ?»

«እንግዲህ ውሃ ቀጠነ ብለሽ ልትጣይኝ ነው።»

«የቀጠነው ውሃው አይደለም፤ ምርመራችን ነው። የለውዝ ቅቤ ቅባት ነው። ውሃ የማይነካውን ነገር ቅባት ጎትቶ ሊያወጣው ይችላል።»

ጋሽ ቀማሽ ወደ መስታወቱ ዞሩ። ሰው ክርክር ሲያጣ የሚያደርገውን አደረጉ፤ ውለታ ቆጠሩ።

«ይኸውልሽ፣ እኔ ትምህርት ቤት ስልክሽ ያ ሁሉ ሠራተኛ ደሞዙን የሚያገኝበትን በር እንድትዘጊ ብዬ አልነበረም። የስንቱን ሰው ጉሮሮ ልትዘጊ እንደሆነ ታውቂያለሽ? ማሳደጌ ለዚህ ነው?»

እትዬ ለምን ወደ እሳቸው ዞረች። አባቴ ብላ የምትጠራው ሌላ ሰው የላትም። ቢሆንም አንገቷን አልደፋችም።

«ያሳደጉኝ እንድፈራዎት ከሆነ ማህተሙን ይውሰዱት፤ ነገ ሌላ ሰው ይትከሉበት። ያሳደጉኝ እንድረዳዎት ከሆነ ግን አላትምም። እርስዎም ቢለምኑኝ አላትምም፣ ሠራተኛው ተሰልፎ ቢለምነኝም አላትምም።»

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ሲባል ሰምቼ ነበር» አሉ በምፀት። «አንቺስ ተምረሽ ይኸው ጠመጠምሽብን።»

«አዎ፤ ተምሬ ነው።»

ግትርነት በዘር ይተላለፍ እንደሆነ ሊቃውንቱ ይንገሩን፤ በዚያ አግዳሚ ላይ ግን ሁለት ግትሮች ተቀምጠው አንድ ዓይነት አገጭ ወደፊት አስግገው ነበር።

ሰዓቱ ሄደ፤ ኃላፊው አልመጡም። ጋሽ ቀማሽ የትም ሲሄዱ የባለቤታቸውን ምሳ ዕቃ ይዘው ነው። ኩርፊያ ኩርፊያ ነው፣ ሆድ ሆድ ነውና ክዳኑን ከፍተው ድንችና ዳቦ አካፈሏት። በልተው ሲጨርሱ እትዬ ለምን ምሳ ዕቃውን አንስታ ውስጡን ታየው ጀመር። ነጭ የነበረው የምሳ ዕቃው ፕላስቲክ በበርበሬ ወጥ ቀልቶ እንደ ሸክላ ሆኗል።

«ምን ታያለሽ? አክስትሽ ታጥበዋለች፤ ቆሻሻ እንዳይመስልሽ። በሳሙና ፈትጋ፣ በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋ ደከማት። አይለቅም።»

«ሙቅ ውሃ ቢሞላበት ውሃው ይቀላል?»

«ምን ሊቀላ? እንደገባ ይወጣል።»

እሷ ተነስታ ወደ ሠራተኞቹ ሻይ ቤት ሄደች። ስትመለስ በአንድ እጇ ሙቅ ውሃ፣ በሌላው ትንሽ ዘይት ይዛለች። መጀመሪያ ውሃውን ሞላችበት። ጠበቁ። ውሃውን ብርጭቆ ውስጥ መልሳ አሳየቻቸው፤ ኩልል ያለ ነው። ቀጥላ ምሳ ዕቃውን አድርቃ ዘይቱን ውስጡ ቀባችውና ፀሐይ የመታው መስኮት ላይ አስቀመጠችው። እንደገና ጠበቁ። ጋሽ ቀማሽ ሰዓታቸውን አዩ፣ ጫማቸውን አዩ፣ መስኮቱን ላለማየት ብዙ ደከሙ። በመጨረሻ እሷ ነጭ መሀረቧን አወጣችና ውስጡን ጠረገችው። መሀረቡ ብርቱካን መሰለ።

ጋሽ ቀማሽ መሀረቡን ተቀበሏት። አሸተቱት። በአውራ ጣታቸው አሹት። የጠጡት የላስቲክ ውሃ ሁሉ፣ ዓመት ከዓመት፣ ብርጭቆ ከብርጭቆ በዓይነ ልቦናቸው መጣባቸው። ውሃው ንጹሕ የነበረው ላስቲኩ ንጹሕ ስለሆነ ነው ብለው ኖረዋል። ይህን ማሰብ ደስ አይልም፤ ደስ የማይል ነገር ሲገጥማቸው ደግሞ ልማዳቸው መዋጋት ነው።

«ይሄ በርበሬ ነው» አሉ። «በርበሬው የገባው ከቅባት ጋር ነው፤ ከቅባት ጋር ቢወጣ ምን ይደንቃል? የእኔ ዱቄት ከላስቲኩ ጋር ቀልጦ የተዋሐደ ነው። ላይወጣ ይችላል።»

«ላይወጣ ይችላል፤ እውነትዎን ነው። እኔም ይወጣል አላልኩም። አላውቅም። እርስዎም አያውቁም። ልዩነታችን እኔ አለማወቄን ተሸክሜ እዚህ መምጣቴ ነው።»

«እኔስ የት ነው የመጣሁት?»

«እርስዎ ወረቀት ፈልገው ነው የመጡት፤ እኔ መልስ ፈልጌ ነው።»

አነጋገሯ መረረ። ጋሽ ቀማሽ ግን የዚህችን ልጅ ነገር አንድ ጊዜ ከጀመሩ መተው እንደማይቻል ያውቃሉ፤ የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም።

«ሌላስ? ያልነገርሽኝ ካለ አሁን ጨርሺው።»

«አለ። ሻጋታ ክፉ ነው፤ ግን ይታያል። እናት አይታው ትጥለዋለች። ከዓይን የሚሰወር፣ የማይሸት፣ ሻጋታ ሳይኖር የሚራባ ጀርም አለ። ዱቄታችን የሚታየውን ገድሎ የማይታየውን የሚተው ከሆነ ምግቡ ጤነኛ መስሎ ያታልላታል። የትኛውን እንደሚገድል፣ የትኛውን እንደሚምር አንድ በአንድ መፈተን አለበት። ዘይት ውስጥ የሚወጣ ነገር ካለ ደግሞ መጠኑ ይለካል፤ ከዚያም ብልቃጥ ውስጥ በሚያድግ የሰው ህዋስ ላይ ይሞከራል። ከአንጀታችን በፊት ብልቃጡ ይቅመስልን ነው የምልዎት።»

በዚህ መሀል የላብራቶሪው ኃላፊ መጡ፤ ፀጉራቸው የሸሸ፣ ሳቃቸው የሚቀድማቸው ሰው ናቸው። ሁለቱንም፣ ሁለቱን የጋዜጣ ጥቅልሎችም አይተው ቢሮአቸውን ከፈቱ።

«እናንተ ቤት መነጋገር ክልክል ነው?» አሉና አንድ ወረቀት ከመሳቢያ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ቀደም ሲል የላክኸው ናሙና በውሃ ተመርምሮ አልፏል። ያመጣኸውን ከናሙናው ጋር አመሳክሬ ዛሬውኑ ላትምልህ እችላለሁ።»

«እሷ ደግሞ ሌላ ትላለች» አሉ ጋሽ ቀማሽ።

«እሷ የምትለው ልክ ነው፤ የምትጠይቀው ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስማኝ፣ ምን እንደምታሽግ የምትነግረን አንተ ነህ። እርጥብ ምግብ ካልከኝ በውሃ እመረምራለሁ። ቅባት ካልከኝ ዘይት ውስጥ ነክሬ ሙቀት ቤት አስቀምጣለሁ፤ መኪናህም ነገ ባዶውን ይመለሳል። እስካሁን የነገርከኝ ዳቦ ነበር።»

ነገሩ ሁሉ እንግዲህ በአንዲት ቃል ላይ ቆመ። ጋሽ ቀማሽ ወረቀቱን አዩት። እጃቸውን ቢዘረጉ የእሳቸው ነው። የእህታቸው ልጅ ማለት የሚቻለውን ሁሉ ብላለች። ያን ጊዜ ስልካቸው ጠራ። የለውዝ ቅቤው ነጋዴ ነበር።

«ጋሼ፣ ወረቀቱ ወጣ?» ድምፁ ቢሮውን ሞላው።

«አንድ ምርመራ የቀረ ይመስላል። የእርስዎ ምግብ ቅባት ስለሆነ…»

«ኧረ ጋሼ፣ ምን ያጨናንቅዎታል? እርስዎ በልተውታል አይደል? ምንም አልሆኑም።»

ጋሽ ቀማሽ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደተናገሩት ያውቃሉ። ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ግን የሰሙት ገና ዛሬ ነው፤ እንዴት ያለ ቀላል ቃል ነው።

«እርስዎስ በልተውታል?»

«እኔ?» ሰውየው ሳቀ። «እኔ ምን በወጣኝ፤ የሕፃን ምግብ አይደለም እንዴ?»

«ልጅ አለዎት?»

«አንድ አለኝ፤ ገና መቆሙ ነው።»

«በአዲሱ ላስቲክ የምታሽጉትን ለእሱ ታበሉታላችሁ?»

«ለእሱማ እናቱ እቤት ነው የምትሠራለት። ይሄ ለድሆቹ ነው እኮ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ቀማሽ ስልኩን ሳይዘጉ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ፊታቸው ከስሎ ነበር። ሙሉ ዕድሜያቸውን ለሰው የሚሸጡትን ራሳቸው ሲበሉ የኖሩት ይህን ላለመሆን ነው፤ አሁን ግን ልጁን ከማይመግብበት ሰው ጋር አንድ ገበታ ላይ ሊቀመጡ ነበር። ያሳፈራቸው ዱቄቱ አይደለም፤ ገና ስለ ዱቄቱ የሚያውቁት የለም። ያሳፈራቸው በማያውቁት ነገር ለመማል መቻኮላቸው ነው። ወረቀቱን አንስተው ለኃላፊው መለሱላቸው።

«ቅባት ነው» አሉ ጮክ ብለው፣ ስልኩም እንዲሰማ። «የማሽገው ቅባት ነው። የሚበሉትም ሕፃናት ናቸው። በዘይት መርምርልኝ፤ እሷ የምትለውን ሁሉ መርምርልኝ።»

ከስልኩ ውስጥ «እንግዲያው ሌላ ቦታ እሄዳለሁ» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ይሂዱ» አሉ ጋሽ ቀማሽ።

በማግስቱ መኪናው ባዶውን ተመለሰ። ሠራተኛው አጉረመረመ፤ ጋሽ ቀማሽ ማሽኑን አስቁመው ነገሩን ሳይሸፋፍኑ ነገሩት። ጥቂቶች አኮረፉ፤ አንዷ የማሽን ሠራተኛ ግን የእህቷ ልጅ ያንን የለውዝ ቅቤ እንደሚበላ ተናገረችና ማጉረምረሙ ቆመ። ውጤቱ ሲመጣ እትዬ ለምን ይዛው የገባችው ሳትስቅ ነው። ውሃ ውስጥ ለምልክት እንኳ አልተገኘም የተባለው ዱቄት ዘይት ውስጥ ጉዳት የለውም ከሚባለው መጠን ብዙ እጥፍ ሆኖ ወጥቷል። ብልቃጥ ውስጥ ያለው የሰው ህዋስም አልቻለውም።

«እንኳን ተከራከርሽኝ» አሏት፤ ከዚህ የበለጠ ይቅርታ ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። እሷም ከዚህ የበለጠ አልፈለገችም። የተመረተው ጥቅል «ለምግብ አይሆንም» ተብሎ ታተመበትና ለጫማ ሻጮች ሄደ።

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ መልካም ነበር። ነጋዴው ግን እንደዛተው ሌላ በር ሊያንኳኳ ነው፤ ያውም የቅርቡን። ከግንቡ ወዲያ «ረጅሙ» የሚሉት ሌላ ላስቲክ አምራች አለ፤ እሱም ያንኑ ዱቄት ከዚያው አስመጪ ገዝቷል። ጋሽ ቀማሽና ረጅሙ በአንድ የፍሳሽ ቦይ የተነሳ ሰላምታ ካቋረጡ ዘመን ሆኗቸዋል። ውጤቱ በመጣ ዕለት ጋሽ ቀማሽ ወረቀቱን ይዘው፣ የእህታቸውን ልጅ አስከትለው የረጅሙን በር አንኳኩ።

ረጅሙ ወረቀቱን አንብቦ አላመነም።

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አለ። «ገበያው እጄ ሲገባ አንተ ወረቀት ይዘህ መጣህ። ደግሞ እውነት ቢሆን ለምን ትነግረኛለህ? ዝም ብትለኝ እወድቅልህ ነበር።»

«አንተ ብትወድቅ ግድ አልነበረኝም» አሉ ጋሽ ቀማሽ። «የምትወድቀው ግን ልጆቹ ላይ ነው።»

«እኔም እንዳንተ ዘፍዝፌ ጠጥቻለሁ። ምንም አላገኘኝም።»

«ውሃ ነው የጠጣኸው። ምሳ ዕቃ አለህ? ወጥ የነካው፣ የቀላ? ዘይትም አምጣ።»

እትዬ ለምን ጥግ ቆማ አየቻቸው። ያ የእሷ መሀረብ በአጎቷ እጅ የረጅሙን ምሳ ዕቃ ሲጠርግ ስታይ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ዘወር ብላ ጠረገችው። ረጅሙ ክርክሩን ቶሎ አልተወም፤ ላብራቶሪው ተገዝቶ ይሆናል አለ፣ የእኔ ላስቲክ ወፍራም ነው አለ። ጋሽ ቀማሽ ለእያንዳንዱ መልስ ነበራቸው፤ ሁሉም የእህታቸው ልጅ መልስ ነበር፤ ከየት እንዳመጡት ደግሞ አልደበቁም። «እሷን ጠይቅ፤ ለእኔም የነገረችኝ እሷ ናት» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ረጅሙ የራሱን ላስቲክ ቆርጦ ለእትዬ ለምን ሰጣትና «የእኔንም በዘይት አስመርምሪልኝ» አለ። ያም ናሙና ከላብራቶሪው ወድቆ ተመለሰ።

ነጋዴው በዚያ ሳምንት የከተማውን አምራቾች ሁሉ ዞረ። ጋሽ ቀማሽ ግን በየደጁ ቀድመውት ደርሰው ነበር፤ ውጤቱን አባዝተው በነፃ እያደሉ። ሲደክመው ወደ መጀመሪያው በር ተመለሰ። ሲገባ ጋሽ ቀማሽ፣ ረጅሙና እትዬ ለምን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው አዲስ ናሙና ሲያገላብጡ አገኛቸው። ሳይቀመጥ ጀመረ።

«ሕግ ያልከለከለኝን እናንተ ማን ናችሁ የምትከለክሉኝ? ሕፃናቱ እኮ የሚጠብቁት ምግብ ነው። ብታዘገዩኝ የሚጎዱት እነሱ ናቸው።»

«ለጊዜው በፊት በሚያሽጉበት ተራ ላስቲክ ያሽጉ» አለች እትዬ ለምን። «ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ በትንሽ በትንሹ ቶሎ ቶሎ ያድርሱት። ያደክማል እንጂ ማንንም አይመርዝም።»

«አዲሱንም አልተውነውም» አሉ ጋሽ ቀማሽ ናሙናውን እያነሱ። «ይኸውልዎት፣ አሁን ሁለት ድርብ አድርገን ነው የምንሠራው። ዱቄቱ በውጭኛው ድርብ ይቀራል፤ ምግቡን የሚነካው የውስጠኛው ንጹሕ ነው። ዱቄቱም ይለወጣል፤ ባለበት የሚጸና፣ ዘይት የማይጎትተው እየፈለግን ነው። ይህም በዘይት ይመረመራል፤ የትኛውን ጀርም እንደሚገድልና እንደማይገድል ይታያል፤ ህዋስ ላይ ይፈተናል። ሲያልፍ ምን ያገኛሉ? ምግብዎ ሩቅ መንገድ ይሄዳል፣ ሳይበላሽ ይሰነብታል፣ የሚጣለው ይቀንሳል። የጤና ጣቢያ ነርስ ስትጠይቅዎ የሚያሳዩት እውነተኛ ወረቀት ይኖርዎታል። ሠራተኞቼም ነገ አንድ ልጅ ታመመ በተባለ ቁጥር አንገታቸውን አይሰብሩም። እኔም ያለሆዴ ሌላ ምስክር አገኛለሁ፤ ይህ ሆዴ ብዙ ዘመን በሐሰት መስክሯል፣ ሳያውቅ። እርስዎም ማታ እቤትዎ ገብተው ይህንኑ ቅቤ ለልጅዎ ማቅመስ ይችላሉ። ያን ጊዜ ለድሆቹ ነው አይሉኝም።»

ነጋዴው ቀላ። ወደ ረጅሙ ዞረ።

«አንተም? ከዚህ ሰውዬ ጋር ሰላምታ የለህም አልተባለም ነበር?»

«አልነበረኝም» አለ ረጅሙ።

«እንግዲህ ይሄ አድማ ነው።»

ጋሽ ቀማሽ የእህታቸውን ልጅ አዩ፣ ረጅሙን አዩ።

«ነው» አሉ። «አድማ ነው።»

ሰውየው ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ተመላለሰ፤ የሚላላ አላገኘም። ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«እሺ፣ ይሄ ምርመራ እስከ መቼ ነው የሚቆየው?»

«እስኪያልፍ ድረስ» አሉት ጋሽ ቀማሽ።